በትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ናሎክሶን፦ የአንባቢያን ጥያቄና የመድኃኒት ባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በእረፍት ሰዓት ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ራሱን ስቶ ተገኘ። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከአረቄ ጋር መውሰዱን ጓደኞቹ የተናገሩት ሐኪም ቤት ከደረሰ በኋላ ነበር። ልጁ ተርፏል፤ እኛ ግን ያን ቀን ያደረግነውን ሳስብ አሁንም እሸማቀቃለሁ። አንዱ ውኃ ደፋበት፣ አንዷ መምህርት ወተት ልታጠጣው ሞከረች፣ ሌላው ደግሞ ክብሪት ጭሮ አሸተተው። ይህን የሰማ አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ለዕረፍት ሲመጣ እንደ ትራማዶል ያሉ መድኃኒቶች ያዳከሙትን ትንፋሽ የሚመልስ፣ ወደ አፍንጫ የሚረጭ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት ሦስት ፓኬት ይዞልን መጣ። ንብረት ያዡ በሞዴል 19 ገቢ አድርጎ፣ ቀትር ላይ ገብተው መቆም በማይችሉበት የቆርቆሮ ንብረት ክፍል ውስጥ ቆልፎበታል። መድኃኒቱን ልንይዘው ይገባል? የት እናስቀምጠው? ማን ይጠቀምበት? ተሳስተን ብንሰጥስ ልጁን እንጎዳለን?

መልስ፦ የተከበሩ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ስለ ወተቱና ስለ ክብሪቱ አይሸማቀቁ፤ ያን ቀን በቦታው የነበረው ሰው ሁሉ ያደረገው ከእናቱና ከአያቱ ያየውን ነው። ይሁንና ሦስቱንም ድርጊቶች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁሉም ልጁን ለማንቃት የታሰቡ ናቸው፤ መተንፈስ አለመተንፈሱን ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ትራማዶል፣ ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ፔቲዲን፣ ሄሮይንና ፈንታኒል የሚገኙበት ኦፒዮይድ የተባለው የመድኃኒት ቤተሰብ መጠኑ ሲያልፍ ሰውን የሚገድለው እንቅልፍ ስለሚያስተኛ አይደለም። አንጎል ለመተንፈስ የሚሰጠውን ትእዛዝ ስለሚያዳክም ነው። እስትንፋስ እየተራራቀ ሄዶ ሲቆም፣ አንጎል ያለ ኦክስጅን ጉዳት ሳይደርስበት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ስለዚህ አጭሩ መልሴ «አዎ፣ መድኃኒቱ በትምህርት ቤት ቢኖር ይጠቅማል» የሚል ነው፤ ነገር ግን ከመድኃኒቱ አስቀድሞ ትንፋሽ መቁጠርና ትንፋሽ መስጠት የሚችሉ አራት ወይም አምስት ሰዎች በግቢው ውስጥ ሊኖሩ ይገባል። እነሱ ከሌሉ ሦስቱ ፓኬቶች በሞዴል 19 የገቡ ዕቃዎች ሆነው ይቀራሉ።

ናሎክሶን እንዴት እንደሚሠራ ለመምህራን ሳስረዳ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ሚኒባስ ታክሲን ነው። ኦፒዮይዱ አንጎል ውስጥ ባሉት ወንበሮች ላይ ተቀምጦ ትንፋሽን የሚያደክም ተሳፋሪ ነው እንበል። ናሎክሶን ይገባና ያን ተሳፋሪ ከወንበሩ አስነሥቶ ራሱ ይቀመጥበታል፤ እሱ ሲቀመጥ ግን ምንም ክፉ ነገር አያደርግም። ችግሩ ናሎክሶን ቶሎ ወራጅ መሆኑ ነው፤ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራው ያበቃል፣ የተነሣው ተሳፋሪ ደግሞ ገና በር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም በመድኃኒቱ ነቅቶ «ደህና ነኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» የሚል ተማሪ ደህና አይደለም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ታክሲ ውስጥ ወይም አልጋው ላይ ተመልሶ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላልና የግድ ሐኪም ቤት ሄዶ በባለሙያ ዓይን ሥር ሊቆይ ይገባል።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ተገኝቶ በ1971 በአሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደ ሲሆን፣ በመርፌ የሚሰጠው ዓይነት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። የቀድሞ ተማሪያችሁ ያመጣው የአፍንጫው ዓይነት እዚያው አገር በ2015 ተፈቅዶ፣ በ2023 ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተወስኗል። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2022 አንዲት ተማሪ በትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ ሕይወቷ ካለፈ በኋላ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች መድኃኒቱን እንዲይዙ ተደርጓል። የዚያ አገር ልጆችን የሚገድለው በዋናነት ፈንታኒል የተቀላቀለባቸው አስመሳይ ክኒኖች ናቸው፤ ፈንታኒል ከሞርፊን 100 እጥፍ ያህል የሚበረታ ነው። በእኛ ሰፈር ተማሪ እጅ ላይ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ትራማዶል ነው፤ ይህ ልዩነት ቀላል ስላልሆነ የነሱን መመሪያ እንዳለ ገልብጠን ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው አይበቃንም።

ትራማዶል ሁለት ጠባይ ያለው መድኃኒት ነው። በአንድ በኩል እንደ ሌሎቹ ኦፒዮይዶች ትንፋሽን ያዳክማል፤ በሌላ በኩል ደግሞ መጠኑ ሲያልፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ሳያልፍ፣ የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰው ሳይቀር እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል። ናሎክሶን የሚቀለብሰው የመጀመሪያውን ጠባይ፣ ያውም በከፊል ነው። እንቅጥቅጡን አያቆምም፤ ትራማዶል ከመጠን በላይ በወሰደ ሰው ላይ እንዲያውም ሊያባብሰው እንደሚችል በመድኃኒቱ የአጠቃቀም መግለጫ ላይ ተጽፏል። ታዲያ ምን ይደረግ? እየተንቀጠቀጠ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ በዙሪያው ያለውን ድንጋይና ወንበር አንሡ፣ ከራሱ ሥር ሹራብ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፣ ክብሪቱንም ተዉት። እንቅጥቅጡ ከአምስት ደቂቃ ከበለጠ ወይም ቆሞ ከተመለሰ ሁኔታው እጅግ አሳሳቢ ነው። እንቅጥቅጡ ቆሞ ሳለ የልጁ ትንፋሽ ከደከመ ወይም ከጠፋ ግን ናሎክሶን ይሰጠው፤ ምክንያቱም አለመተንፈስ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ ለእንቅጥቅጡ ደግሞ ሐኪም ቤት ውስጥ መድኃኒት አለ።

እዚህ ላይ መድኃኒቱ የማይሠራባቸውን ነገሮች መናገር ይኖርብኛል፤ በአካባቢያችን ተማሪ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ኦፒዮይድ ብቻ ነው ማለት አይቻልምና። ናሎክሶን አረቄን፣ ጫትን፣ ሐሺሽን፣ ዳያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ ክኒን፣ የሚሸተት ማስቲሽንና ቤንዚንን አይቀለብስም። ለበረኪና አይሆንም። ለተባይ ማጥፊያ፣ በተለይም በየሱቁ ለሚገኘው ማላታይን፣ ፈጽሞ አይሆንም፤ ይህን የጠጣ ልጅ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይነ ብሌኑም እንደ ኦፒዮይዱ ስለሚጠብ ሊያሳስት ይችላል፤ መድኃኒቱ ሐኪም ቤት ያለው አትሮፒን ነው። የስኳር ሕመምተኛ ተማሪ ስኳሩ ወርዶ ሊሆንም ይችላል። ደግነቱ ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው ናሎክሶን ቢሰጠው ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያደርስም፤ ስለዚህ «ብንሳሳትስ?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ የሚያስከፋው ስሕተት ሰጥቶ መሳሳት ሳይሆን፣ ሰጥቻለሁ ብሎ ትንፋሹን መከታተል መተው ነው የሚል ነው። ኦፒዮይድ የለመደ ሰው ግን በድንገት ሲነቃ ሊያስመልሰው፣ ሊቆጣና ሊታገል ይችላል፤ ይህን ያላወቀ መምህር «አበደ» ብሎ ልጁን እንዳይመታው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

በተግባር የሚሆነውን እንደሚከተለው ልግለጽ። ልጁን በስሙ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ ካልመለሰ ጣቶቻችሁን አጥፋችሁ በአንጓዎቹ የደረቱን መካከለኛ አጥንት አጥብቃችሁ እሹት። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ጆሮአችሁን ወደ አፉ አስጠግታችሁ፣ ዓይናችሁን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተነፈሰ ወይም አንዴ ብቻ ከተነፈሰ፣ ወይም ትንፋሹ ጉሮሮ ውስጥ ውኃ እንዳለበት ሰው የሚያንኮራፋ ከሆነ አደጋ አለ። የከንፈር መጥቆር በእኛ ቆዳ ላይ ቶሎ አይታይም፤ የታችኛውን ከንፈር ገልብጣችሁ ውስጡንና ድዱን፣ እንዲሁም የጥፍሩን ሥር ተመልከቱ፤ አመድማ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ኦክስጅን አንሶታል ማለት ነው። ዓይነ ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ኦፒዮይድ መሆኑን ያጠናክራል፤ በትራማዶል ጊዜ ግን ላይጠብም ስለሚችል «ዓይኑ ደህና ነው» ብላችሁ አትዘናጉ።

አንድ ሰው ወዲያው ስልክ ይደውል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ደግሞ 939 ነው። ሌላው ሰው ልጁን በጀርባው አስተኝቶ፣ አንገቱን ከሥር ደግፎ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ያዘንብል። የመድኃኒቱ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚረጭ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ አየር ላይ መሞከር መድኃኒቱን መድፋት ነው። ጫፉን በአንደኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ጣቶቻችሁ የአፍንጫውን ሥር እስኪነኩ ድረስ አስገቡና ከታች ያለውን በአውራ ጣት እስከ መጨረሻው ግፉት። ልጁ መድኃኒቱን እንዲስበው አይጠበቅበትም። ከዚያም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ፤ አፍንጫውን ይዛችሁ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እስክታዩ ድረስ ትንፋሽ ስጡት። ምንም የሕይወት ምልክት ከሌለው የደረት መግፋቱም፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ይጨመርበት። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛውን በሌላኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ስጡት፤ በአንድ ፓኬት ውስጥ ሁለት የሚሆኑት ለዚሁ ነው። መተንፈስ ሲጀምር ቢያስመልሰው ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ አስተኙት።

ስለ ማስቀመጫው። ይህ መድኃኒት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ለአጭር ጊዜ እስከ 40 ዲግሪ ቢደርስ ይታገሣል፣ በረዶ መሆን ግን የለበትም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ አየር ለዚህ ተስማሚ ነው፤ የሚጎዳው አየሩ ሳይሆን ቆርቆሮው ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ጣሪያው ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ምን ያህል እንደሚግል እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል። ማቀዝቀዣ ፍለጋ አያስፈልግም፤ ፀሐይ የማይመታው፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወይም የመምህራን ማረፊያ ይበቃል። ከብርሃን እንዲጠበቅ እስከሚሠራበት ሰዓት ድረስ ከነማሸጊያው ይቆይ።

ሌላው በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ስሕተት የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በፓኬቱ ላይ ያለው የአገልግሎት ማብቂያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ንብረት ያዡ 2026 የሚለውን አይቶ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ቢመዘግበው መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበት ለሰባትና ለስምንት ዓመት ሣጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ በአንድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ውስጥ ይኸው የደረሰበት የቁስል ቅባት በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ማብቂያውን በእኛ ወርና ዓመት ተርጉማችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉበት።

ቁልፉን በተመለከተ፣ ንብረት ያዡ ሥራውን በአግባቡ ስለሠራ አልወቅሰውም፤ ነገር ግን አንድ ልጅ ትንፋሹ ሲቆም በሞዴል 22 ወጪ የሚሆንለት መድኃኒት የለም። ፓኬቶቹ አንድ ጊዜ በሞዴል 22 ወጪ ተደርገው ለአንድ ኃላፊ ይሰጡና፣ ሁለቱ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ ከሜዳው አጠገብ ባለ ቢሮ፣ ቁልፍ በሌለው ነገር ግን የወረቀት ማሸጊያ በተለጠፈበት ሣጥን ይቀመጡ። ማሸጊያው ከተቀደደ የከፈተው ሰው ይጠየቃል፤ ያ ይበቃል። መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም፣ አያሰክርም፤ ተማሪ ሰርቆ የሚዝናናበት ነገር ስላልሆነ እንደ ሞርፊን መቆለፉ ትርጉም የለውም። አንድ የትንፋሽ መስጫ የፕላስቲክ ጭንብል፣ ጓንትና የእርምጃዎቹን ቅደም ተከተል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት አብረው በሣጥኑ ውስጥ ይሁኑ።

የሚጠቀምበት ሰው ነርስ መሆን የለበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ አደጋው ሲደርስ በቦታው ሊገኝ የሚችል ማንኛውም ሰው ሥልጠናና መድኃኒቱ ሊኖረው እንደሚገባ መክሯል። የስፖርት መምህሩን፣ የቀይ መስቀል ክበቡን ኃላፊ፣ የጥበቃዎቹን አስተባባሪ፣ ከሁለቱ ፈረቃዎች አንዳንድ መምህር ብትመርጡና የአካባቢያችሁን ጤና ጣቢያ ወይም የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጋብዛችሁ በዓመት ሁለት ጊዜ ብትለማመዱ በቂ ነው። በመርፌ የሚሰጠውን የናሎክሶን ብልቃጥ ግን ለባለሙያዎች ተዉት።

አንድ ነገር ግን አለ። ከውጭ በሻንጣ የመጣ መድኃኒት በጎ ሐሳብ ስላለው ብቻ ከቁጥጥር ውጭ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመድኃኒት ቁጥጥር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ ጻፉ፣ ፓኬቶቹን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለጤና ጣቢያው አሳዩ፣ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱም ጉዳዩን አውቆ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የሕግ ባለሙያ ባልሆንም፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየተቻለ መተውን የሚያስጠይቅ መሆኑን የሚፈሩ መምህራን ቢያውቁት መልካም ነው። ትንፋሽ ለመስጠት ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልግምና ለደብዳቤው መልስ እስኪመጣ ሥልጠናውን ነገ መጀመር ይቻላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ አባቱ ስለሌለ ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው። 16 ዓመቱ ነው። ዩኒፎርሙን ላጥብ ስል ከኪሱ ስድስት ፍሬ የተበላለት የትራማዶል ስትሪፕ አገኘሁ። ሌሊት ሲተኛ ትንፋሹን ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ለትምህርት ቤቱ ብናገር ያባርሩብኛል ብዬ ፈራሁ። ናሎክሶኑን ቤት ውስጥ መያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌሊት ተቀምጠው ትንፋሹን ማዳመጥዎ ሞኝነት አይደለም፤ ባለሙያ ቢሆን የሚያደርገው ያንኑ ነው። እንቅልፉ ከባድ ሆኖ ቢያስፈራዎት በስሙ ጠርተው፣ ትከሻውን ነቅንቀው ይቀስቅሱት፤ ተቆጥቶ ዞሮ ከተኛ ደህና ነው። ካልነቃ «ይተኛ፣ ሲጠግብ ይነሣል» አይበሉ፤ ብዙ ልጅ የሚሞተው በዚህች ቃል ነው። ከላይ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ የጻፍኩትን የትንፋሽ አሰጣጥ እርስዎም ይማሩት፤ ናሎክሶን ቢያገኙም ባያገኙም ከእጅዎ የማይጠፋ መድኃኒት እሱ ነው። መድኃኒቱን ስለማግኘት በአቅራቢያዎ ያለውን የመንግሥት ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ይጠይቁ እንጂ ከመንገድ ላይ ሻጭ ወይም ከማይታወቅ ሰው አይግዙ።

ትራማዶል በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ሊሸጥ የሚገባው መድኃኒት ሲሆን፣ ለአዋቂ ሰው ሳይቀር በቀን ከ400 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 50 ሚሊግራሙ ቢሆን ከስምንት ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም። ይህ ቁጥር ግን ለልጅዎ ማስተማመኛ አይሁንዎት። ልጆች ብቻውን አይወስዱትም፤ አንዳንዶቹ ጫት ቅመው ምርቃናውን ለመስበር፣ በጨብሲው ላይ ከቢራና ከአረቄ ጋር ይጨምሩታል፣ አንዳንዶቹም ዳያዜፓም ያክሉበታል። ትንፋሽን የሚያደክሙ ሁለትና ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ጥቂት ፍሬ ብቻ በቂ ይሆናል። ስለዚህ ልጁን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለምን ወሰድህ?» ብለው ሳይሆን «ከምን ጋር ወሰድከው?» ብለው ይሁን፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ ይዋሽዎታል፣ ለሁለተኛው ግን እውነቱን ሊነግርዎት ይችላል። ለብዙ ሳምንታት በየቀኑ ሲወስድ ከቆየ ደግሞ በአንድ ቀን እንዲያቆም አያስገድዱት፤ ሕመሙ ከባድ ስለሚሆን በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ይቀንሰው።

ስለ ትምህርት ቤቱ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ደብዳቤ አልጽፍም፣ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴም አልሄድም፤ ልጁን የሚወድ አንድ መምህር መርጬ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ልጁ ከቀኑ አብዛኛውን የሚያሳልፈው እዚያ ስለሆነ፣ ቢወድቅ ምን እንደወሰደ የሚያውቅ አንድ ሰው በግቢው ውስጥ መኖር አለበት። የሚያስፈራዎት መባረር እውነተኛ ነው፤ ተማሪን ከአጥሩ ውጭ ማስወጣት ቀላል ሆኖላቸው መፍትሔ የሚመስላቸው ኃላፊዎች አሉ። የተባረረው ልጅ ግን ክኒኑን የሚወስደው ማንም በማያየው ቦታ፣ ከሚተነፍስለት ሰው ርቆ ይሆናል፤ ይህን ለእነሱም ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ አባል ነኝ። ጓደኛችን ሲወድቅ ሁላችንም ሸሸን፤ ስማችን እንዳይያዝ ነው። ማለዳ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ስለዚህ መድኃኒት ብናነብ ጥሩ ነው ወይስ ልጆቹን ማደፋፈር ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሸሽተን ነበር ብለህ መጻፍህ በራሱ ድፍረት ይጠይቃል። መድኃኒት አለ ብሎ መናገር ልጆችን ክኒን አያስጀምርም፤ የእሳት ማጥፊያ ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ሰው ቤቱን እንዲያቃጥል እንደማያደርገው ማለት ነው። ከማንበባችሁ በፊት ግን ከርዕሰ መምህራችሁ አንድ ቃል በግልጽ አስገቡ፤ ጓደኛው ወድቆ አስተማሪ የጠራ ተማሪ በዚያ ጥሪው ምክንያት እንደማይቀጣ በእሳቸው አፍ ይነገር። ያ ቃል ሳይኖር የምታነቡት ማስታወቂያ ማንንም አያስጠራም። ስታነቡ ሦስት ነገር ብቻ ይበቃል፦ አስተማሪ ጥሩ፣ ምን እንደወሰደ ተናገሩ፣ ብቻውን አትተዉት። ጓደኛህ ሰክሮ ነው ብለህ ጥግ አስተኝተኸው መሄድ እንደሌለብህም ጨምርበት፤ የግድ ሰው ልትጠራ ከሄድክ አስቀድመህ በጎኑ አስተኛው።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነኝ፣ ዕድሜዬ 58 ነው። ለመድኃኒቱ ኃላፊ ከተደረጉት አንዱ እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛ አላነብም። አምቡላንስ ሲዘገይ በባጃጅ መውሰድ ይቻላል ወይ? ማታ ተማሪዎች በሚኖሩበት ሰዓትስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎን መምረጣቸው ትክክል ነው፤ ከሁሉም በፊት የሚደርሱትና ግቢውን ጥግ ጥጉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እንግሊዝኛው አያስቸግርዎት፤ በፓኬቱ ላይ ሥዕል አለ፣ መምህራኑም በአማርኛ ጽፈው በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉልዎታል። ጊዜው ያለፈበት አንድ ባዶ ዕቃ ካለ በእጅዎ ይዘው አገባቡን ደጋግመው ይለማመዱበት። የማታ ተማሪ ባለበት ሰዓት ቢሮዎቹ ስለሚዘጉ፣ አንዱ ፓኬት ከእርስዎ ዘንድ በበሩ ቤት ይደር።

አምቡላንስ አስቀድሞ ይጠራ፤ ሠራተኞቹ በስልክ ምን እንደምታደርጉ ይነግሯችኋል፣ ከየት እንደሚመጡና ምን ያህል እንደሚቆዩም ጠይቋቸው። ከዘገዩና ባጃጅ ብቻ ካለ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጁ ግን ትንፋሹ ሳይመለስ ባጃጅ ላይ አይጫን፤ በዚያ ጠባብ ቦታ አንገቱ ወደ ፊት ታጥፎ የአየር መተላለፊያው ይዘጋል፣ ትንፋሽ መስጠትም አይቻልም። መጀመሪያ መሬት ላይ እንዳለ መድኃኒቱና ትንፋሹ ይሰጠው፤ ራሱ መተንፈስ ሲጀምር ሁለት ሰዎች ከኋላ ገብተው፣ አንዱ ራሱን በጭኑ ላይ ወደ ጎን አዘንብሎ አገጩን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ሌላው ደረቱን እያየ ይሂዱ። ሁለተኛው ፓኬት ከእጃችሁ አይለይ። የተረጨውን ባዶ ዕቃና ከልጁ ኪስ የተገኘውን የክኒን ስትሪፕ ለሐኪሙ ስጡት፤ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ሰዓት ደግሞ በእስክሪብቶ በልጁ ክንድ ላይ በእኛ አቆጣጠር ጻፉት፣ ሁለት ጊዜ ከተሰጠው ሁለቱንም።